የጓደኛሞች የስብዕና ፈተና ውጤት እንዴት ይነጻጸራል?

ነጠላ ሰረዝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ኢንተርኔት ላይ የስብዕና ፈተና ሠርተን ውጤታችንን ግሩፓችን ላይ ለጥፈናል። ማነጻጸሩ ላይ ግን መግባባት አልቻልንም። በእጃችን ያለው ይህ ነው፦

ሀ፣ ለ እና ሐ ባለ 120 ጥያቄውን የቢግ ፋይቭ ፈተና (ስብዕናን በአምስት ዋና ባህርያት የሚለካውን) ሠሩ። በኤክስትራቨርሽን (ተግባቢነት፣ ሰው መሀል ሲሆኑ መነቃቃት) ሀ 62፣ ለ 58፣ ሐ 71 አመጡ። መ ባለ አራት ፊደሉን ሠርቶ «አይኤንኤፍጄ» ተባለ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲደግመው «አይኤንኤፍፒ» ሆነ። ሠ ደግሞ አሥር ጥያቄ ብቻ ያለውን ሞልታ በኤክስትራቨርሽን 5.5 አገኘች።

እነዚህን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል? የሀ 62 እና የሐ 71 የእውነት ልዩነት አላቸው? የመ ፊደልስ ለምን ተቀየረ? እንደገና መሥራት ካለብን የትኛውን ፈተና፣ በምን ቅደም ተከተል?

ሰንጠረዥ

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ይቀልላል።

62ን ከ71 ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ እወቁ። ፈተናው ያው፣ መልሱም ያው ሆኖ ሳለ ድረ ገጾች ውጤቱን በተለያየ መንገድ ይጽፉታል።

ጥሬ ድምር ሊሆን ይችላል። ባለ 120ው ፈተና ለአምስቱ ባህርያት 24፣ 24 ጥያቄ ይመድባል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ አለው። ዝቅተኛው ድምር 24፣ ከፍተኛው 120፣ የመለኪያው መካከል 72 ነው። በዚህ አቆጣጠር 62 ያመጣው ሀ ከመካከሉ በታች ነው፤ 71 ያመጣው ሐም ገና መካከሉን አልደረሰም።

ፐርሰንታይል ከሆነ ግን 62 ማለት ከ100 ሰዎች 62ቱ ከሀ ያነሰ ነጥብ አላቸው ማለት ነው፤ ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ያለ። ቲ-ስኮር ከሆነ አማካዩ 50፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የሰዎች ነጥብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተን የሚያሳየው ቁጥር) 10 ስለሆነ 62 ያለው ሰው ከ100 ሰው 88ቱን ገደማ ይበልጣል፤ ያ በጣም ተጫዋች ሰው ነው። ጥሬውን ድምር ወደ መቶኛ የሚቀይሩም አሉ፤ ከድምሩ 24 ቀንሰው ለ96 ያካፍላሉ። ጥሬ ድምሩ 62 የሆነ ሰው በዚህኛው 40 በመቶ አካባቢ ሆኖ ይታያል።

መለያው ከባድ አይደለም። ከዋናው ባህርይ ሥር ስድስት ንዑስ ባህርያት ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ሁሉም ከ4 እስከ 20 ውስጥ ካረፉና ሲደመሩ ዋናውን ቁጥር ከሰጡ፣ ያያችሁት ጥሬ ድምር ነው። ከ20 የሚያልፍ ካለ አይደለም። ድረ ገጹ ዕድሜና ጾታ ጠይቆ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» የሚል መግለጫ ከሰጠ ብዙ ጊዜ ፐርሰንታይል ነው።

ፐርሰንታይል ለጓደኛሞች ንጽጽር ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው የማነጻጸሪያ ሰዎች ጉዳይ ነው። ባለ 120ውን ያዘጋጀው ጆን ጆንሰን በድረ ገጹ የሚያወጣው ሪፖርት እያንዳንዱን ሰው የሚያነጻጽረው ከራሱ ጾታና ከራሱ የዕድሜ ክልል ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ የ20 ዓመት ሴትና የ45 ዓመት ወንድ 120ውንም ጥያቄ አንድ ዓይነት ቢመልሱ እንኳ ፐርሰንታይላቸው ሊለያይ ይችላል። ሁለተኛው፣ ፐርሰንታይል መሀል ላይ ይለጠጣል፣ ጫፍ ላይ ይጨመቃል። ከ50 እስከ 60 ያለው ርቀት በቲ-ስኮር 2.5 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከ89 እስከ 99 ያለው ግን 11 ነጥብ ነው። ሁለቱንም ሰው «የአሥር ልዩነት» ብሎ ነው የሚያነበው። የእናንተ 62 እና 71 ፐርሰንታይል ከሆኑ በቲ-ስኮር 53 እና 55.5 ናቸው።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ማንኛውም መጠይቅ ስህተት አለው፤ የስህተቱ መጠንም ይሰላል። አስተማማኝነቱ (ውጤቱ ምን ያህል ሳይዋዥቅ እንደሚደገም፣ ከ0 እስከ 1) 0.84 የሆነ መለኪያ ውሰዱ። ከ1 ላይ 0.84 ሲቀነስ 0.16፤ ስኩዌር ሩቱ 0.4። ይህን በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በ10 ስታባዙት የአንድ ሰው ውጤት ስህተት 4 ነጥብ መሆኑ ነው። ሁለት ሰው ሲነጻጸር የሁለቱም ስህተት ስለሚገባ 4ን በ1.41 ታባዛላችሁ፤ 5.7 ገደማ ይመጣል። እሱን በ1.96 አባዙት፤ 11። በሁለት ጓደኛሞች መካከል ያለው ርቀት 11 የቲ-ስኮር ነጥብ ካልሞላ «እሷ ትበልጠዋለች» ብሎ በ95 በመቶ መተማመን መናገር አይቻልም። አስተማማኝነቱ 0.75 ከሆነ ገደቡ ወደ 14፣ 0.64 ከሆነ ወደ 17 ያድጋል።

ቁጥራቸው ፐርሰንታይል ከሆነ ሀ እና ሐ የሚለያዩት በ2.5 ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ናቸው፤ ለም ከእነሱ ጋር።

ማዕዘን

ስለ መ እኔ ልመልስ፤ ሰንጠረዥ ያለው የስህተት ነገር ፊደሎቹ ላይ ሲመጣ ይብስበታል።

ባለ አራት ፊደሉ ፈተና መሠረቱ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የስብዕና ዓይነቶች ሐሳብ ነው፤ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ወደ መጠይቅ ቀየሩት። አሠራሩ በአራት መስመር ላይ ሰውን ከሁለት አንዱ ወገን ማስቀመጥ ነው። ችግሩ የሰዎች ነጥብ በሁለት ክምር አለመከፈሉ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገኘው መሀል አካባቢ ነው፤ መቁረጫው ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ተሰምሯል። 51 ያመጣ «ጄ» ይባላል፣ 49 ያመጣ «ፒ»። ሁለት ጥያቄ ላይ በአንድ እርከን የተለየ መልስ ፊደሉን ሊገለብጠው ይችላል። መ አልተቀየረም፤ መስመሩ አጠገብ ስለሆነ ነው።

ቁጥሩን እዩት። አንድ ፊደል በድጋሚ ሲሠራ ያው የመሆን ዕድሉ 0.9 ነው እንበል። አራቱም ፊደል ሳይነካ የመድገም ዕድል 0.9 አራት ጊዜ ተባዝቶ 0.66 ነው። እያንዳንዱ 0.85 ከሆነ 0.52 ይደርሳል። እንግዲህ ፊደሉ አንድ በአንድ ሲታይ መልካም የሆነ ፈተና እንኳ አራቱ ሲጣመሩ ግማሽ ሰው ሊገለብጥ ይችላል።

አንድ በብዛት የሚሳሳቱት ነገር አለ። ድረ ገጹ ከፊደሉ ጎን «78 በመቶ ኢንትሮቨርት» ብሎ ይጽፋል፤ ሰው 78 ያመጣው 60 ካመጣው የበለጠ ዝምተኛ ነው ብሎ ይወስደዋል። በዋናው ባለ አራት ፊደል ፈተና (ኤምቢቲአይ) ከፊደሉ ጋር የሚሰጠው ቁጥር የሚናገረው ምርጫው ምን ያህል ግልጽ እንደወጣ ነው፤ የባህርዩን መጠን አይለካም። ነጻ የሆኑት ድረ ገጾች ደግሞ ፊደሎቹን ተውሰው አቆጣጠሩን የራሳቸው አድርገዋል። ሲክስቲን ፐርሰናሊቲስ ለምሳሌ ከአራቱ በተጨማሪ «ኤ» ወይም «ቲ» የሚል አምስተኛ ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ ከአንዱ ድረ ገጽ የወጣን ፊደል ከሌላው ጋር እኩል አትያዙ።

መ እንደገና መሥራት ካልፈለገ ቢያንስ በየትኛው ዓምድ ሥር እንደሚገባ ይታወቃል። ማክሬና ኮስታ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት አራቱ መስመሮች ከቢግ ፋይቭ አራቱ ጋር ተዛምደዋል፦ «ኢ/አይ» ከኤክስትራቨርሽን፣ «ኤስ/ኤን» ከአዲስ ሐሳብ ተቀባይነት፣ «ቲ/ኤፍ» ከርኅሩኅነት፣ «ጄ/ፒ» ከሥርዓታማነት። አምስተኛው፣ ኒውሮቲሲዝም፣ ማለትም ቶሎ የመጨነቅና የመረበሽ ባህርይ፣ በአራቱ ፊደል ውስጥ ቦታ የለውም። ዓምዱ ባዶ ይቆያል። ፊደሉን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ግን አትሞክሩ፤ የወገን ስም እንጂ መጠን አይደለምና።

ሰንጠረዥ

ማዕዘን ያለው ትክክል ነው። የሠ 5.5 ደግሞ እንዲህ ነው፦ ባለ አሥር ጥያቄው (ጎስሊንግ፣ ሬንትፍሮውና ስዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት) ለአንድ ባህርይ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለው፤ መልሱ ከ1 እስከ 7 ነው፤ አንዱ ቀጥተኛ፣ አንዱ ግልባጭ። ኤክስትራቨርሽን ላይ አንዱ ንቁና ተግባቢ መሆንን፣ ሌላው ቁጥብና ጸጥተኛ መሆንን ይጠይቃል። የግልባጩ መልስ ከ8 ላይ ይቀነስና ሁለቱ በአማካይ ይያዛሉ። 5.5 እንግዲህ ከ6 እና ከ5 ሊመጣ ይችላል፤ ከ7 እና ከ4ም ሊመጣ ይችላል። አንድ መልስ በአንድ እርከን ከተንቀሳቀሰ ውጤቱ በ0.5 ይዘላል። ጊዜ ለጠበበበት ትልቅ ጥናት የተሠራ ነው፤ ሁለት ጓደኛሞችን ለመለየት አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ፦ አይ፣ ያላችሁን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። እንደገና ሥሩ።

የምመክረው ባለ 50 ጥያቄውን ነው። ሉዊስ ጎልድበርግ ከመሠረተው ዓለም አቀፍ የስብዕና ጥያቄዎች ክምችት የወጣ ነው፤ የባለቤትነት ክፍያም ፈቃድም አይጠይቅም፤ ጥያቄዎቹም የነጥብ አሰጣጡም በግልጽ ተቀምጠዋል። ይህ ለእናንተ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ድረ ገጽ በደበቀው ስሌት ላይ ሳትንጠለጠሉ ራሳችሁ ትደምራላችሁ። ለአንድ ባህርይ አሥር ጥያቄ፣ ድምሩ ከ10 እስከ 50። ባለ 120ው የተሻለ ነው፤ ግን አምስት ሰው ሁሉ ሳይሰለች እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሞላል ወይ? መሀል ላይ ሰልችቶት 3፣ 3፣ 3 እያለ የሚጨርስ ሰው ካለ ረጅሙ ከአጭሩ ይብሳል።

አሞላሉ እንዲህ ይሁን። ሁላችሁም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለየብቻ፣ የሌላውን ውጤት ሳታዩ። ሳይቸኩሉ 10 ደቂቃ ይበቃል። በስልክ ወይም በኮምፒውተር መሆኑ ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ጥሩ አድርጎ በሚያነበው ቋንቋ መሞላቱ ግን ለውጥ አለው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ መመሪያ ተስማሙ፦ «አሁን በጥቅሉ እንዳለሁት፣ መሆን እንደምመኘው ሳይሆን፣ በጾታም በዕድሜም ከሚመስሉኝ ከማውቃቸው ሰዎች አንጻር»። ይህ መመሪያ ሲጎድል አንዱ ራሱን በሥራ ቦታ፣ ሌላው ቤቱ ውስጥ እያሰበ ይሞላል። «ከማውቃቸው ሰዎች አንጻር» የሚለው ላይ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አምስታችሁም ጨዋታ የምትወዱ ከሆናችሁ ከመካከላችሁ ትንሽ ዝም የሚለው ራሱን ከእናንተ ጋር እያነጻጸረ ዝምተኛ ነኝ ይላል፤ ሌላ ቦታ ግን ደማቁ ሰው እሱ ነው። ስለዚህ ከግሩፑ ውጭ ያሉትን እያሰባችሁ ሙሉ።

ከዚያ ግልባጭ ጥያቄዎችን ከ6 ላይ ቀንሱ። «ብዙ አላወራም» የሚለው ላይ 4 ያለ ሰው ለኤክስትራቨርሽን 2 ያገኛል። ይህን የዘለለ ሰው ውጤቱ በአብዛኛው ባህርይ ወደ 30 ይሳብና መካከለኛ ሆኖ ይወጣል፤ በእጅ የሚደመር ፈተና ላይ ከምንም በላይ የሚያጋጥመው ስህተት ይኸው ነው። በዚህ ፈተና አራተኛው ባህርይ «የስሜት መረጋጋት» ሆኖ እንደሚቆጠርም ልብ በሉ። ኒውሮቲሲዝም ከሚል ሌላ ውጤት ጋር ስታስተያዩት ከ60 ላይ ቀንሱት፤ ያለዚያ የተረጋጋውን ተጨናቂ ታደርጉታላችሁ።

ገደቡን ለማውጣት የአምስታችሁን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አትጠቀሙ፤ አምስት ሰው አይበቃም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 7፣ አስተማማኝነት 0.84 ብላችሁ ብትይዙ 7 በ0.4፣ በ1.41፣ በ1.96 ተባዝቶ 7.7 ይመጣል፤ ወደ 8 አጠጋጉት። ከ8 ነጥብ በታች ያለውን ርቀት «እኩል» ብላችሁ ጻፉት።

ገደቡን አልፎ የወጣውንም ሁሉ አትመኑ። አምስት ሰው አሥር ጥንድ ይሆናል፤ በአምስት ባህርይ ሲባዛ 50 ንጽጽር ነው። ሁላችሁም ፍጹም አንድ ብትሆኑ እንኳ በ95 በመቶ ገደብ ሁለት ሦስቱ በአጋጣሚ ብቻ «ይለያያሉ» ብለው ይወጣሉ። ንዑስ ባህርያት ውስጥ ከገባችሁማ 30 በአሥር ጥንድ 300 ነው፤ በአጋጣሚ የሚወጣው ወደ 15 ይደርሳል። ለአምስት ሰው ንዑስ ባህርይ አታነጻጽሩ።

ነጠላ ሰረዝ

በጣም አመሰግናለሁ። የእኛ ሦስቱ ውጤት ፐርሰንታይል ሆኖ ተገኘ፤ ንዑሶቹ ከ20 በላይ ናቸው። ባለ 50ውን ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እያንዳንዳችን ስለ ሌላው ብንሞላስ? ከራስ ግምት ይሻላል?

የጎን መስታወት

እንደ ባህርዩ ይለያያል። ሲሚን ቫዚር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት ራስን ማወቅና በሌላ መታወቅ የተለያየ ጠንካራ ጎን እንዳላቸው አሳይታለች። ውስጥ ውስጡን የሚሆነውን፣ ጭንቀትንና መረበሽን፣ ሰው ራሱ የተሻለ ያውቃል፤ ጓደኛ የሚያየው የተሸፈነውን ነው። ሰው ስለራሱ መልካም ወይም መጥፎ ብሎ ለመፍረድ የሚፈተንበትን፣ ለምሳሌ የማሰብ ችሎታንና ፈጠራን፣ ጓደኞች የተሻለ ይገምታሉ። ኤክስትራቨርሽን በግልጽ የሚታይ ስለሆነ ሁለቱም ወገን ይደርስበታል። ስለዚህ የስሜት መረጋጋት ላይ የጓደኞቻችሁን ግምት ከራሳችሁ በላይ አትያዙ።

አሠራሩን በተመለከተ ባለ 50ውን አትውሰዱ። አምስት ሰው እያንዳንዱ ስለ አራት ሰው ሲሞላ 20 ቅጽ ይሆናል፤ በ50 ጥያቄ 1,000 መልስ ነው። ከዚያው ክምችት የወጣው ባለ 20 ጥያቄው አጭር ቅጽ አለ፤ ለአንድ ባህርይ አራት ጥያቄ፣ ድምሩ ከ4 እስከ 20። አንድ ሰው 80 መልስ ብቻ ይሰጣል። ዓረፍተ ነገሮቹን ወደ ሦስተኛ መደብ መልሱ፤ «ብዙ አላወራም» የነበረው «ብዙ አያወራም» ወይም «አታወራም» ይሁን፤ ከዚህ ውጭ ቃል አትንኩ።

የራስንም ግምት በዚሁ ባለ 20 ሙሉ፤ የባለ 50ው ድምር ከባለ 20ው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለወዳጁ ማድላት ነው፤ ጓደኛ ለጓደኛው ርኅሩኅነት ላይ 18፣ 19 እየሰጠ ያልፋል። ማስተካከያው የሰጪውን አማካይ መቀነስ ነው። ሀ ለአራቱ በርኅሩኅነት 19፣ 18፣ 19፣ 16 ከሰጠ አማካዩ 18 ነው፤ ስለዚህ የሰጠው ግምት 1፣ 0፣ 1፣ እና 2 የጎደለበት ሆኖ ይነበባል። ያ 16 ከውጭ ሲያዩት ከፍ ያለ ይመስላል፤ ከሀ እጅ ግን ትንሹ ነው። ሁለተኛው ምስጢር ነው። በአምስት ሰው መካከል ማን ምን እንደሰጠ በቀላሉ ይታወቃል። ቅጾቹን ከግሩፑ ውጭ ያለ ሰው ይሰብስብ፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው የአራቱ አማካይ ብቻ ይሁን። ከሦስት ሰጪ በታች ከሞላ አማካዩም አይውጣ። ሰጪዎች እንደሚታወቁ ካሰቡ ሁሉም 4 እና 5 ይሆናል፤ ያኔ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በር ጠባቂ

ከመሙላታችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ከውጤቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መልሳችሁ የት እንደሚቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የወጣው የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ መነሻው የስብዕና መጠይቅ ነበር። አሌክሳንደር ኮጋን ያዘጋጀውን መተግበሪያ የሞሉት ጥቂት መቶ ሺህ ሰዎች ናቸው፤ ፌስቡክ ራሱ እንዳመነው ግን እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ሳይወሰድ አልቀረም። አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ያልነኩ፣ የሞላው ሰው ጓደኞች ብቻ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ። በሩ ዛሬ እንደ ያኔው ሰፊ አይደለም፤ ቢሆንም ፈተና ለመሥራት በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት መግባትን የሚጠይቅ ድረ ገጽን ዝለሉት፤ መግባት የማያስፈልጋቸው ብዙ አሉ።

ከዚህ ቀደም ገብታችሁ ከሆነ በፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ የመተግበሪያዎችና የድረ ገጾች ዝርዝር አለ፤ የማትጠቀሙበትን እያንዳንዱን አስወግዱ። ማስወገድ ወደፊት የሚወሰደውን ያቆማል፤ ቀድሞ የሄደውን አይመልስም።

ዕድሜ ሲጠየቅ ዓመት ይበቃል፤ ቀንና ወር አትስጡ። ስለ መጀመሪያ ትምህርት ቤታችሁ፣ ስለ ልጅነት የቤት እንስሳችሁ ወይም ስለ እናታችሁ የአባት ስም የሚጠይቅ «ስብዕና» መጠይቅ ካጋጠማችሁ ወዲያው ዝጉት፤ የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው። ግሩፑ ላይ የውጤት ሊንክም አትለጥፉ። ብዙ ድረ ገጾች ላይ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ሙሉውን ሪፖርት ይከፍታል፤ ሊንክ ደግሞ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይሄዳል። አምስቱን ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ ላኩ። የስሜት መረጋጋቱን ቁጥር ማሳየት የማይፈልግ ካለም ዓምዱን ባዶ ይተው፤ ምክንያት አትጠይቁት። ያ ቁጥር ዝቅ ማለቱ የሕመም ምርመራ አይደለም፤ ሰው ፊት ሲነበብ ግን እንደዚያ ይሰማል።

ነጠላ ሰረዝ

በተባለው መሠረት ባለ 50ው ተሞልቶ በእጅ ተደምሯል፤ ግልባጮቹም ከ6 ተቀንሰዋል። ቅደም ተከተሉ ኤክስትራቨርሽን፣ ርኅሩኅነት፣ ሥርዓታማነት፣ የስሜት መረጋጋት፣ ምናብና ሐሳብ (ከላይ አዲስ ሐሳብ ተቀባይነት የተባለው) ነው።

ሀ፦ 33፣ 38፣ 29፣ 31፣ 36
ለ፦ 30፣ 41፣ 36፣ 28፣ 34
ሐ፦ 37፣ 36፣ 31፣ 35፣ 40
መ፦ 21፣ 39፣ 30፣ 27፣ 41
ሠ፦ 31፣ 35፣ 33፣ 19፣ 37

በ8 ነጥብ ገደብ መ በኤክስትራቨርሽን ከሦስቱ ጋር ግልጽ ልዩነት አለው፤ የሠ የስሜት መረጋጋት ደግሞ ከአራቱም በ8 እና ከዚያ በላይ ያንሳል። ትክክል ነን?

ሰንጠረዥ

የመ ልዩነት ከአራቱም ጋር ነው፤ ለ 30፣ ሠ 31፣ ሀ 33፣ ሐ 37 ናቸውና ትንሹ ርቀት 9 ነው። አንድ ሰው ከአራቱም ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲለይ ከአጋጣሚ ይልቅ የእውነት ለመሆኑ ይበልጥ ይታመናል። ፊደሉም «አይ» ብሎት ነበር።

የሠን ግን ገና አትጻፉት። አምስቱን ቁጥር አንድ ላይ እዩ፦ 31፣ 35፣ 33፣ 19፣ 37። ባለ 50ው ፈተና በሁሉም ባህርይ እኩል ግልባጭ የለውም። ኤክስትራቨርሽን 5 ቀጥተኛና 5 ግልባጭ፣ ርኅሩኅነትና ሥርዓታማነት 6 እና 4፣ የስሜት መረጋጋት 2 እና 8፣ ምናብና ሐሳብ 7 እና 3 አላቸው። አሁን ጥያቄውን ሳያነብ ሁሉም ላይ 5 የሚል ሰው አስቡ። ኤክስትራቨርሽኑ 25 ሲደመር 5፣ 30 ይሆናል። ርኅሩኅነቱና ሥርዓታማነቱ 30 ሲደመር 4፣ 34። የስሜት መረጋጋቱ 10 ሲደመር 8፣ 18። ምናቡ 35 ሲደመር 3፣ 38። ማለትም 30፣ 34፣ 34፣ 18፣ 38። ከሠ ውጤት ጋር በእያንዳንዱ ዓምድ ያለው ልዩነት 1 ብቻ ነው።

ይህ ሠ በእውነት ቶሎ የምትረበሽ ሰው አይደለችም ማለት አይደለም፤ ልትሆን ትችላለች። ግን ሁሉንም «እስማማለሁ» የማለት ልማድም ይህንኑ ቅርጽ ያወጣል፤ ከድምሩ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የመልስ ወረቀቷን ውሰዱና ምንም ሳትገለብጡ የ50ውን መልስ አማካይ አውጡ። ቀጥተኛው 26፣ ግልባጩ 24 ስለሆነ እያነበበ የሚመልስ ሰው ወደ 3 ይጠጋል። የእሷ ከ4 በላይ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ብዙ አላወራም» እና «ወሬ የምጀምረው እኔ ነኝ» የሚሉትን ፈልጉ። ሁለቱም 5 ከሆኑ ውጤቱን ሰርዙት፤ ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ በሚቀናት ቋንቋ፣ ጥያቄዎቹ በተለየ ቅደም ተከተል ተቀምጠው እንደገና ትሙላ። አንዱ 5 ሌላው 1 ወይም 2 ከሆነ እያነበበች ነው የሞላችው፤ 19ኙ የራሷ ነው።